ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክሊኒኩ ልጆች ኬክ ቆርሰው «በቃ ሲስተር፣ ከአሁን በኋላ ማረፍ ነው» አሉኝ። ኬኩ እዚያው አለቀ፤ ዕረፍቱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ነፋስ ስልክ ያለው ቤቴ በር ገና ቁርስ ሳልቀምስ ይንኳኳል። «ሲስተር፣ ይቺን ሽፍታ እስኪ ይዩልኝ።» «ሲስተር፣ ልጄን አፍኖታል፣ ያቺን ፈጣኗን መርፌ ይውጉልኝ።» ፈጣኗ መርፌ የሚሏት ዴክሳ የምትባለዋን የስቴሮይድ መርፌ ነው። እብጠቱንም ማሳከኩንም ለጥቂት ቀን ቀጥ ታደርጋለች፤ ከዚያ በሽታው ብሶበት ይመለሳል፣ እነሱም ተመልሰው በሬ ላይ ይቆማሉ። እምቢ ስል «ጡረታ ወጣችና ኮራች» ይባላል። አንዷ ጎረቤቴማ ከበሬ እንኳን ሳትርቅ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በዚሁ ነው፤ ችፌ፣ አስም፣ አበባ በወጣ ቁጥር የሚያስነጥስ አፍንጫ። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው በሽታዎች ናቸው። ሠርግ ቤት «የት ነው የምትሠሪው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው «ቆዳ ክፍል» ስለው ወንበሩን ፈቀቅ ያደርጋል። የልብ ክፍል ነርስ ብሆን ኖሮ ወንበሩን ያስጠጋ ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ከከተማ ርቆ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነበር። ኃላፊያችን ስለ በሽተኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስለ ፊርማ ግን ሲገባም ሲወጣም ይጠይቃል። ምጥ የያዛትን ሴት ደግፌ ስገባ «መጀመሪያ ፈርሚ» ያለኝን እስካሁን አልረሳሁለትም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቆዳ ተመላላሽ ክፍል ገባሁ። ደሞዙ ከታክሲና ከአስቤዛ አያልፍም ነበር፤ ስለሱ ይህ ይበቃል። ዶክተር ይልማን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። በኋላ እሳቸው ነፋስ ስልክ ውስጥ አነስተኛ የቆዳና የአለርጂ ክሊኒክ ሲከፍቱ ተከትያቸው ሄድኩ፣ ጡረታ እስክወጣም ከዚያ አልተነቃነቅሁም።

ዶክተር ይልማ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በጋም ክረምትም ሹራብ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ሌላው ሐኪም በሽተኛ ሲገባ ጓንት ያጠልቃል፤ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ይጨብጡታል። እጁ የተሰነጠቀና የተላላጠ ቢሆንም ይጨብጡታል፤ የሚታጠቡት እሱ ከወጣ በኋላ ነው። «ችፌ አይተላለፍም እያልኩ ቀኑን ሙሉ ከምለፈልፍ አንዴ ብጨብጠው ይሻላል» ይሉኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ስለጨበጠው ብቻ እንባው የመጣ ትልቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ፌስታሉ ደግሞ ሌላ ነው። ቀጠሮ ስሰጥ «ቤቱ ያለውን፣ የተቀባውንም የዋጠውንም፣ አንድ ሳያስቀር በፌስታል ይዞ ይምጣ» ይሉኛል። ያ ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። ምን የማይወጣ ነገር አለ! ስም የሌለው ክሬም፣ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን፣ ፊት ያቀላል ተብሎ ከሱቅ የተገዛ ቱቦ፣ የደረቀ ሎሚ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የመኪና ግሪስ። ዶክተር ሁሉንም እየከፈቱ ያሸታሉ እንጂ አይቆጡም። ቁጣውን ለእኔ ነበር የተዉልኝ፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም።

አሽትተው ሲጨርሱ «እስኪ ስትቀባ አሳየኝ» ይላሉ። ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ «ቀብቻለሁ» ይላል፤ ሲያሳይ ግን እንደ ሽቶ ጠብ አድርጎ ጆሮው ሥር ይነካል። ያኔ እጁን ይዘው፣ ቆዳው ከመታጠቢያ እንደወጣ ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊኑ እንዴት እንደሚቀባ፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ምን ያህል፣ ራሳቸው ያለማምዱታል። ውጭ ወረፋው በር ላይ ደርሷል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ዓይኔን አፈጥባቸዋለሁ፤ እሳቸው የአንድ ሰውዬ ክርን ያሻሉ። ያበሳጩኝ ነበር። ዛሬ ግን ለበሬ ደንበኞች የማሳየው ያንኑ ነው።

የዚያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ቫዝሊን፣ የስቴሮይድ ክሬምና፣ ሲብስ የስቴሮይድ ኪኒን ነው። ኪኒኑ ይሠራል፤ ሲቆይ ግን ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ አንዳንዱን የስኳር በሽታ ያስይዘዋል። አዲሱ መርፌ የመጣው ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ከታገልን በኋላ ነው። ከውጭ በእርዳታ፣ ለጥቂት በሽተኞች ብቻ የሚላክ ነበር። እስክሪብቶ ይመስላል፤ በሽተኛው ራሱ ቤቱ ሆኖ ጭኑ ላይ ተጭኖ ይወጋዋል። ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አይቀመጥም። ይህቺን ፍሪዘር የምትባል ነገር ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን፤ መብራት ይጠፋል ብለው ፈርተው ከሥጋው ጋር አብረው በረዶ የሚያደርጉት አልጠፉም።

ከመጀመሪያዎቹ ባለመርፌዎች አንዷ ሰሚራ ናት። ቤቷ መካኒሳ፣ ሱቋ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ነው፤ የሀበሻ ቀሚስ ትሰፋለች። ችፌዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ ቢሆንም የጣቶቿ የባሰ ነበር። መርፌና ክር በያዘች ቁጥር ይሰነጠቁና ይደማሉ፤ የምትሰፋው ደግሞ ነጭ ነው። አንዲት የሙሽራ እናት ጫፉ ላይ ጠብታ ደም አይታ ቀሚሱን ጠረጴዛዋ ላይ ወርውራባት ሄዳለች። ወሬው ለደንበኞቿ ተዳረሰ። መጀመሪያ ቀን ክሊኒክ መጥታ እጇን ስታሳየን «ይሄ እጅ ካልዳነ ማሽኔን ሸጬ ቁጭ ማለቴ ነው» ብላናለች።

ዶክተር መርፌውን ለሚጀምሩት ሰብስበው ያስረዱ ነበር፤ እሳቸው ዝምተኛ የማይሆኑት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የሰውነታችሁ ዘበኞች ጎበዞች ናቸው» አሉ። «ችግሩ ድመት ባለፈች ቁጥር አንዱ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካውን የሰማው ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ሌባ ሲያጣ አጥሩን ይደበድባል። አጥሩ ቆዳችሁ ነው። ፊሽካው ደግሞ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። የድሮው ኪኒን ዘበኛውን በሙሉ ያስተኛል፤ እውነተኛ ሌባ ቢመጣም አይነቃም። ይሄ መርፌ ግን ያንን አንዱን ፊሽካ የሚሰማውን ጆሮ ብቻ ይደፍናል።»

ሰሚራ እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ ይሄ ፊሽካ ሳንባ ውስጥም አለ?»

«አለ እንጂ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «አንዳንዱ አስም ላይ የሚነፋው ያው ራሱ ነው። መርፌው ለዚያም ይሰጣል።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ በሽተኛ በየቀኑ አይገኝም፤ ዶክተር ያን ቀን ሹራባቸውን አውልቀው ነበር ያስረዱት።

የመጀመሪያውን መርፌ ክሊኒክ ውስጥ እኔ ወጋኋት። ብዙ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ጣቶቿ ገጠሙ። እየሳቀች ገብታ እጇን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታሳየን ነበር። ከዚያ በየወሩ ሁለት ሁለት እየሰጠናት ቤቷ መወጋት ጀመረች፤ ወር ሲሞላ ሁለቱንም ባዶ እስክሪብቶ በጠርሙስ ከታ ትመልሳለች። ቀጠሮ አታዛንፍም፣ ወረፋ አትጋፋም። እንደሷ ያለ በሽተኛ ቢበዛልኝ እል ነበር።

ነገር ግን እጇ እንደገና መሰንጠቅ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቷ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ዶክተር ፌስታሏን ገለበጡ፤ ያዘዙት ብቻ ነው ያለው። «ስትወጊ አሳዪኝ» አሏት፤ በመለማመጃው አሳየች፣ እኔ ራሴ ከዚያ በላይ አልወጋም። ፍሪጁን ጠየቅናት፣ ፍሪጁም ደህና ነው። እኔ ሳሙናውን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ክሩን፣ ከዚያ የጨርቁን ቀለም። በመጣች ቁጥር እጮህባታለሁ፣ እሷ «እሺ ሲስተር» ትላለች። ይቺ «እሺ ሲስተር» አንጀቴን ታበግነው ነበር።

የእርዳታው ደንብ ግልጽ ነው፤ መርፌው ያልሠራለት ሰው ቦታውን ተራ ለሚጠብቅ ይለቃል። ዶክተር ውሳኔውን ወር በወር እየገፉ አቆዩላት፤ በመጨረሻ መግፊያ አጡ። የነገሯት ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። አላለቀሰችም። «ለማን ነው የሚሰጠው?» ብላ ጠየቀች። እግሯ ቆስሎ ትምህርት ቤት መሄድ ያቃታት ልጅ መሆኗን ስነግራት «አላህ ያሽራት» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ልጅቷ ዳነች። እኔም መድኃኒት ሰው መርጦ እንደሚሠራ ለራሴ ነግሬ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ግን አንድ ወጣት ግድግዳውን ተደግፎ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ደረቱ ከሩቅ ያፏጫል። አስገብተን ኦክስጅንና በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት ሰጠነው። መናገር ሲችል የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«ሲስተር፣ ያቺ መርፌ... እህቴ ሰሚራ የምትወጋኝ መርፌ... ከቀረች ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት። ትቀጠልልኝ።»

ከድር ይባላል፣ የሰሚራ ታናሽ ወንድም ነው፣ የሚኒባስ ሹፌር። ከሁለቱ መርፌ አንዱ በየወሩ ለእሱ ነበር። ባዶዎቹን ሁለቱንም የምትመልስልን እሷ፣ ባዶ ማየታችን በቂ የመሰለን እኛ።

ደወልኩላት። የቀሚሷ ጉልበት ላይ ክር እንደተጣበቀ እየሮጠች መጣች። ወንድሟ በሕይወት መኖሩን አይታ ከተቀመጠች በኋላ እኔ ጀመርኩ።

«ለምንድን ነው ያልነገርሽን?»

«አስምሎኝ ነው ሲስተር። ባለመኪናው አስም እንዳለበት ከሰማ ቁልፉን ይቀበለዋል። ሊያገባም ነው።»

«አንቺስ? እጅሽስ? ማሽኑን እሸጣለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ሲስተር፣ ወላሂ፣ እኔ ባሳክከኝ አልሞትም» አለች። «እሱን ግን ሲያፍነው አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ቀጣዩ ትንፋሽ ይመጣል አይመጣም እያልኩ... መድኃኒቱ ፍሪጄ ውስጥ እያለ?»

እኔ የመለስኩት ጩኸት ነው። አንድ ሰው የታዘዘለትን ለሁለት ሲካፈል ለሁለቱም እንደማይሆን፣ እርዳታ የጎረቤት ድግስ እንዳልሆነ፣ ቦታዋ ለሌላ እንደተሰጠና እንደማይመለስ ጮህኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። እሷ «እሺ ሲስተር» አለች።

ዶክተር ግን ከድርን «ያለህን ሁሉ በፌስታል አምጣ» አሉት። ከመኪናው ወንበር ሥር አመጣ፤ ረዳቱ እንዳያየው እዚያ ነው የሚደብቀው። ገለበጡት። ሰማያዊ መንፊያ ወጣ፣ ትንፋሽ ሲያጥር የሚነፋው ዓይነት፤ ሌላም ሰማያዊ፣ ሌላም፣ ሁሉም ባዶ። ከሥራቸው አንድ ቡናማ፣ ከነማሸጊያው። ቡናማው በየቀኑ ተወስዶ በሽታው ገና እንዳይነሳ የሚይዘው ነው። ዋጋው ከእህቱ መርፌ አጠገብ የሚነሳ አይደለም፤ የትም ፋርማሲ ይገኛል።

«ይሄ ለምን አልተከፈተም?» አሉት።

«እሱ ሱስ ያስይዛል ይላሉ፣ ዶክተር። አንዴ ከጀመሩት አይለቅም ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ይሄ ሰው የሚባለው ሐኪም የት ነው የተማረው? ክሊኒኩ የት ነው? እኔም ሄጄ ልታከም!» አልኩት። ይህን ሁሉ ዓመት የታገልኩት ከበሽታ ጋር መስሎኝ ነበር፤ ከዚህ «ሰው» ከሚባል ጋር ነው የኖርኩት። ደጄን የሚያንኳኩት ሁሉ የእሱ በሽተኞች ናቸው።

ዶክተር አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከክሊኒኩ አዲስ ሰማያዊ መንፊያ አውጥተው ለከድር ሰጡትና «እስኪ ስትነፋ አሳየኝ» አሉት። አፉን ከፍቶ ምላሱ ላይ ረጨውና እንደ ሽሮፕ ዋጠው። ሳንባው ጋ ምንም አልደረሰም። ዶክተር ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አስመጡ። ወፍራም ሽቦ በእሳት አግለው የፕላስቲኩን ቂጥ በሱ፣ ቀዳዳውን የመንፊያው አፍ ጥብቅ እስኪልበት ድረስ አሰፉት፣ ጠርዙን በፕላስተር ጠቀለሉ። የጠርሙሱን አፍ ከድር ከንፈር ላይ አድርገው «አሁን ንፋና ቀስ ብለህ ሳበው፤ ያዘው፤ ልቀቀው» አሉት። ከቡናማው በኋላ አፉን እንዲጉመጠመጥ አስተማሩት። ደጋግመው አስነፉት፤ ከዚያ ለሰሚራም አሳዩአት፣ ቤት ሄዳ እንድትቆጣጠረው።

ከድር በዚያ ጠርሙስና በዚያ ቡናማ መንፊያ ዳነ። ልብ በሉልኝ፤ የትም ፋርማሲ በሚሸጥ፣ ታሽጎ ከወንበሩ ሥር በነበረ መድኃኒት ዳነ። የእህቱ ጣቶች እንደገና የተሰነጠቁት ለዚህ ነው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

እነሱ ከወጡ በኋላ ዶክተር ሽቦውን በእጃቸው ይዘው ቁጭ አሉ። «ጠየቀችንኮ» አሉኝ። «ሳንባ ውስጥም አለ ወይ ብላ ጠየቀችን። እኔ ስለ ፊሽካ አወራኋት፤ ለምን እንደጠየቀች አልጠየቅኳትም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽተኛውን ጨብጠው ሲያበቁ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ?» ሆነ። ሰው ሰላምታ እየመሰለው «እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና» ይላል። እሳቸው አይለቁም። እናትህስ? ወንድምህስ? የሚያስለው የለም? የሚያሳክከው? ወረፋው እንደገና በእጥፍ ረዘመ፣ እኔም በር ላይ ሆኜ ዓይኔን ማፍጠጤን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ የተካፈለ ኪኒን፣ ስንቱ ለሁለት የተቆረጠ የሐኪም ትእዛዝ በዚያ ጥያቄ እንደወጣ ባወራ ይመሽብኛል።

ለሰሚራ ግን አልሆነም። ዶክተር እውነቱን አስረድተው ለእርዳታው ሰዎች ደጋግመው ጻፉ። መልሱ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራላትም ተብሎ ተመዝግቧል፣ ከተራው መጨረሻ ትጠብቅ። አሁንም እየጠበቀች ነው። ማሽኑን አልሸጠችም። እጇ ደህና ሲሆን ትሰፋለች፣ ሲብስባት ሱቋን ዘግታ ትከርማለች። እኔ ያለችኝን አስተማርኳት፤ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን በወፍራሙ፣ ከዚያ የጥጥ ጓንት አድርጎ መተኛት። ጓንቱን ራሴ ገዝቼ ሰጠኋት፤ አድርጋው ካደረች በነጋታው የተሻለ ጣት ይዛ ትነሳለች።

ኬኩ የተቆረሰ ዕለት ሰሚራም መጥታ ነበር። ሥራ የበዛበት ጥበቡ የሚያምር ነጭ ቀሚስ ሰፍታልኝ መጣች። ሳላለቅስ ተቀበልኩ፤ ቤት ገብቼ ግን አልቅሻለሁ። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስትዳር ልለብሰው አወጣሁት። ጫፉን ስገለብጥ በውስጥ በኩል ምስር የምታህል ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። ደም ነው። ሙያዬ ስለሆነ አይጠፋኝም።

ወዲያው ስልኬን አነሳሁ። «ሰሚራ፣ የጥጥ ጓንቱን ታደርጊያለሽ?»

በስልኩ ይሰማ የነበረው የማሽኗ ድምፅ ቆመ።

«ሰሚራ!»

«ሲስተር፣ እንዳይቆጡኝ» አለች። «ለከድር ሚስት ሰጠኋት። ልብስ ስታጥብ እጇ ይሰነጠቃል፣ ያሳዝናል።»

አፌን ከፈትኩ። ኮሪደሩን ሁሉ የሚያሰማው ጩኸት ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ቀሚሱን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ነጠብጣቧን አየኋት፤ ጩኸቱ የት እንደገባ እንጃ።

«ቤት ውስጥ ሌላ እጁ የሚሰነጠቅ አለ?» አልኳት።

«እማዬም ትንሽ... ግን እሷ ምንም አትልም።»

ቀሚሱን ለበስኩና ከሠርጉ በፊት መንገዴን ወደ ሱቁ አደረግሁ። ባለሱቁ ያውቀኛል። «ሲስተር፣ እንዴት አምረዋል! ጡረታ ወጡ ሲሉኝ፣ አሁንም ጓንት ይገዛሉ እንዴ?» አለኝ።

«የጥጡን ነው የምፈልገው» አልኩት፤ «ሦስት ጥንድ።» ከዚያ የሰሚራን ጸባይ አሰብኩና «አይ፣ አራት አድርገው» አልኩት።